በቁም ሳጥናችን የከረመው ሱፍ

የናፍታሊን ሽታ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ እኔን ግን ወደ ወጣትነቴ ይመልሰኛል። ባለፈው ሰሞን ልጄ ትግስት የመኝታ ቤታችንን ኮርኒስ ላስቀይር ብላ ከባሕር ዳር መጣች። ኮርኒሱ እንዲቀየር ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው መላቀቅ ነበረበት፣ ከግድግዳው እንዲላቀቅ ደግሞ ሆዱ ባዶ መሆን ነበረበት። ሁለቱን በሮች ግራና ቀኝ ስትከፍታቸው የናፍታሊኑና የዋንዛው ሽታ ተቀላቅሎ ፊቴን መታኝ። ትግስት ወገቧን ይዛ ቆመች።

"እማዬ፣ ይኼ ሁሉ ልብስ የማን ነው?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን እያሸሁ፣ "ግማሹ የእኛ ነው፣ ግማሹ የሰፈር" አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ቀልድ አልነበረም። ቁም ሳጥኑን የሠራው ባለቤቴ ልየው ነው። አናጢ ነው፤ አሁን እጁ እየተንቀጠቀጠ መጋዙን ካስቀመጠ ቆየ እንጂ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እሱ የሠራው በር ወይ መስኮት የሌለበት ሰፈር አይገኝም። እንደተጋባን ሰሞን አምበር ካለው የአባቱ ማሳ ዳር የወደቀ ዋንዛ በጋሪ አስመጣና እዚሁ መኝታ ቤት ውስጥ ላጠው፣ ጠረበው፣ ገጠመው። ሲያልቅ ከበሩ ሰፍቶ ተገኘ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ "ልየው፣ ቤት ስትቀይሩ ምን ልታደርጉት ነው?" እያለ ሲስቅበት፣ "አንቀይርማ!" ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። እውነትም አልቀየርን። በአንደኛው በር ላይ ሰውን ከእግር እስከ ራስ የሚያሳይ መስተዋት ገጥሞበት ነበር። ያኔ በሰፈራችን መስተዋት ማለት መዳፍ የምታህል፣ ከጀርባዋ የአበባ ሥዕል ያላት ነገር ነበረች፤ ፊትን እንጂ ቀሚስን አታሳይም። የሰፈሩ ሴቶች ለጥምቀትና ለፋሲካ ለብሰው ሲያበቁ በእኛ ቤት በኩል ዞረው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብለው ራሳቸውን አይተው ነበር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት።

መስተዋቱን ብለው የመጡት ቀስ በቀስ ልብሳቸውንም ያመጡ ጀመር። የዛሬ ልጆች ይህን አይረዱትም። ያኔ ልብስ ብዙ አልነበረም፤ ያለውም የሚቀመጥበት አልነበረም። የሣር ክዳኑ ቤት አይጥ ይገባበታል፤ ቆርቆሮ ያለበስነውም ብንሆን የሐምሌን ዝናብ የምናውቀው በየወለሉ በደረደርነው ሳፋ ነበር። ሰው የክት ልብሱን በገመድ ላይ ወይም በአልጋ ሥር በሻንጣ ነበር የሚያኖረው። ስለዚህ ባለጥልፏ ቀሚስ እኔ ጋ መጣች። የመምህሩ ኮት መጣ። የጎረቤታችን የቄሱ ካባ በነጠላ ተጠቅልሎ መጣ፤ ያን እንኳ ከሌሎቹ ጋር እንዳይነካካ ልየው የብቻው መደርደሪያ ሠራለት። እኔም ናፍታሊኑን በነጭ ጨርቅ እየቋጠርኩ በየጥጉ አንጠለጥል ነበር። በዘመኑ በስሙኒ ሻይ ከነዳቦው ይገኛል፤ ሰዉ ግን ሻይ ከጠጣ የልብስ መግዣ አይተርፈውም። ወንዶቹ ቴትሮን ሸሚዝ ካገኙ፣ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋውን ሱሪ ካገኙ፣ በቅዳሜ ገበያ በኩል ሦስት ጊዜ ሳይመላለሱ አይውሉም። ከሻይ ቤቶቹ የሚወጣው ዘፈን ጋሪዎቹን ሁሉ የሚያስጨፍር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ባጃጅ ነው የሚጮኸው።

ትግስት ሦስት ክምር ሠራች። የሚቀር፣ ለሰው የሚሰጥ፣ የሚጣል። እኔ ከሚጣለው እያነሳሁ ለሰው ወደሚሰጠው ስወረውር፣ እሷ መልሳ ስትጥል አረፈድን። የብዙው ልብስ ባለቤቶች ወስደውታል ወይም አልፈዋል፤ የቀሩት የእኛው አሮጌ ሹራቦችና ልጆቼ የተማሩባቸው የደንብ ልብሶች ነበሩ። በመጨረሻ ከጥጉ፣ ከሁሉም ኋላ፣ በአሮጌ ነጠላ የተሸፈነ ነገር አወጣችና ገለጠችው። ቡናማ ሱፍ ነው፤ ኮሌታው እንደ ጆሮ የሰፋ፣ የሱሪው እግር ወለል የሚጠርግ።

"ወይኔ እማዬ! ይኼማ ለቲያትር ቤት ነው የሚሰጠው!"

"እሱን ስጭኝ" አልኳት። ድምፄ ስለተለወጠ ነው መሰለኝ፣ ሳቋን አቁማ አቀበለችኝ።

የቢተው ሱፍ ነበር። ቢተው በጓሯችን ያለችውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነበር፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ ግን ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ቤተሰቡ ሩቅ ስለነበር እሑድ እሑድ ከእኛው ገበታ ይበላል፤ እኔን እትዬ ማሬ ይለኛል፤ እኔም እንደ ታናሽ ወንድሜ ነበር የማየው። ያ ልጅ ከደብረ ወርቅ የመጣች፣ እዚህ ከአክስቷ ጋር ሆና የምትማር፣ የሻረግ የምትባል የመሪጌታ ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ላከ፤ ተፈቀደለት። ጨርቁን የጭነት መኪና ሾፌር ከአዲስ አበባ አመጣለት፤ ከገበያው በላይ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ደጋግሞ ለካው። አልቆለት የመጣ ቀን እዚህ መስተዋት ፊት ቆሞ ሞከረው። ልየው ከወደ ኋላ፣ "ይኸ ልጅ የራሱን ቤት ትቶ ወደ ቤተ መንግሥት ሊሄድ ነው" ሲል የቢተው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ካወለቀው በኋላ አጣጥፎ ሰጠኝ፤ ለሠርጉ ቀን ይሁን ብሎ።

በአገራችን ሠርግ ከመደገሱ በፊት ዝምድና ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት። የሁለቱ ወገን ሽማግሎች እኛ ሳሎን ተሰበሰቡ። የሻረግ አባት መሪጌታ ራሳቸው ከደብረ ወርቅ በበቅሎ መጥተው ነበር። ቆጠራው ለወጉ ያህል ነው ብለን እኔና የሻረግ ጓዳ ውስጥ እየተሳሳቅን ነው። አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወጡ፤ አንዱ ሽማግሌ ስም ይጠራል፣ ሌላው ይቀበላል። በስድስተኛው ላይ አንዲት ሴት ስሟ ከወዲያም ተጠራ፣ ከወዲህም ተጠራ። "የየት አገር ሰው ናት?" አሉ መሪጌታ። ተነገራቸው። "ማንን አገባች?" ተነገራቸው። ያው አንዷ ሴት ናት። የሻረግ እጄን ይዛ ነበር፤ ጣቶቿ ሲቀዘቅዙ ይታወቀኛል።

መሪጌታ ቢተውን አስጠሩት። ገብቶ ቆመ። ቁጭ በል አላሉትም፤ እሳቸው ተነሥተው ትከሻውን ያዙት።

"ልጄ፣ ሙሽራ ልናደርግህ ተሰብስበን ወንድሟ ሆነህ ተገኘህ" አሉት።

ቢተው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አልተከራከረም፤ አላለቀሰም። ማን ላይ ይቆጣል? የበደለው ሰው የለም። አንዲት ከሞተች መቶ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ እሷም ምን አደረገች፣ ልጅ ወለደች እንጂ። የሻረግን አባቷ ይዘዋት ሄዱ። በኋላ ሌላ አግብታ፣ ወልዳ ከብዳ፣ በደኅና እንደኖረች ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቢተው በራችን ላይ ቆመ። ሱፉን ውሰደው ልበለው አልበለው ሳመነታ ልየው ቀደመኝና፣ "አዲስ ነው፤ ብትሸጠው በደንብ ያወጣል" አለው።

"ከተሸጠ የገዛው ሰው ሻይ ይጠጣበታል፣ ገበያ ይወጣበታል" አለ ቢተው። "ለሠርግ የተሰፋ ልብስ ነው ጋሼ፤ ለሠርግ ይሁን። እትዬ ማሬ፣ የሚያገባ ሰው ልብስ ቸግሮት ከመጣ አልብሽው።"

እንዲህ ሆኖ የሰፈሩ ሙሽሮች ሁሉ ሱፍ ሆነ። መጀመሪያ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ለበሰው። ቀጥሎ አንድ ቀጭን ነርስ፤ ሱሪው እንዳይወርድ በመርፌ ቁልፍ አስይዤለት ሙሽሪት እንዳትወጋ ስንጨነቅ ዋልን። ከዚያ አንድ ዘንጋዳ የመሰለ ረጅም መምህር መጣ። እጅጌው ክንዱ ላይ ቀረ። የሙሽሪት ሚዜዎች ይህን አይተው ዝም ይላሉ?

"እጅጌው አጠረ፣ ክንዱ ረዘመበት፣
ሙሽራው ይመር እንጂ ልብሱስ የጎረቤት"

እያሉ ከደጅ እስከ አዳራሽ አጀቡት፤ መምህሩ ራሱ እየሳቀ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እጅጌውን አሳያቸው። ሱፉ አምበር ድረስ ሄዶ ዝናብ መትቶት የተመለሰበትም ጊዜ ነበር። እኔ በየጊዜው አጥባለሁ፣ በከሰል ካውያ በእርጥብ ጨርቅ ላይ እተኩሳለሁ፣ የተተረተረውን እጠቅማለሁ፣ ለወፍራሙ አሰፋለሁ፣ ለቀጭኑ አጠብባለሁ። ዛሬ በየቤቱ ያሉትን የሠርግ ፎቶዎች ብታዩ፣ ፊቱ ይለያያል እንጂ ኮቱ አንድ ነው።

ከሁሉም ግን አንድ ሠርግ አይረሳኝም። ቢተው ራሱ ሚዜ የሆነበት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ነበር ሙሽራው። ከዚሁ ክፍል ለብሶ ሲወጣ ቢተው በካኪ ሱሪና በነጭ ሸሚዝ አጠገቡ ቆሟል። የሙሽራው ኮሌታ ታጥፎ ኖሮ አየው፤ ጠጋ ብሎ አቃናለት፣ ከትከሻው ላይ አንዲት ክር አነሣለት። ፊቱን ሰርቄ አየሁት። ቅናት እንኳ የለበትም፤ ልጁን ትምህርት ቤት እንደሚልክ አባት ነው የሆነ። ያን ቀን ነው እኔ ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩት፤ በቆጠራው ቀን ያላለቀስኩትን።

ከዚያ ወደ ጉንደ ወይን ተዛወረ። ሻንጣውን ሲያስር ሱፉን አውጥቼ ብሰጠው፣ "እሱ ሥራ ላይ ነው፤ ከሥራው አላፈናቅለውም" ብሎ ትቶልኝ ሄደ። አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆናል፤ ከዚያ ዘመኑ ተለዋወጠ፣ መንገዱም ሰዉም ተዘበራረቀ፤ ዘግየት ብሎ እዚያው እንዳገባ በሰው በሰው ሰማን። እዚህም ሱፍ ርካሽ ሆነ፤ ልባሽ ጨርቅ ገበያውን ሞላው፣ በኪራይ የሚሰጡ ቤቶች ተከፈቱ፤ የእኛን የሚጠይቅ ጠፋ። ልብስ በልብስ ላይ እየተሰቀለ ሱፉ ወደ ጥጉ ተገፋ።

ይህን ሁሉ ለትግስት ስነግራት አልጋው ላይ ክምሩ መሐል ተቀምጣ ነበር። "እና ምን ልናደርገው ነው?" አለች ቀስ ብላ።

"ባለቤቱ አለ። ጉንደ ወይን ወፍጮ ቤት ከፍቷል አሉ።"

ልየው ከሳሎን ሰምቶ ኖሮ በምርኩዙ መጣ። ጆሮው የሚፈልገውን ይሰማል። "ተይው አንች ሰው! ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። ሴትዮዋ 'የማን ነው?' ብትለው ምን ሊል ነው? የሻረ ቁስል ልትነካኪ ነው የምትሄጅ?"

ነገሩ እውነትነት አለው። ግማሽ ቀን ሹራብ እያጣጠፍኩ አሰብኩት። ብተወው ማን ይጠይቀኛል? ግን እኔና ልየው ካለፍን ይህ ልብስ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ትግስት ደግ ልጅ ናት፣ ግን ክምሯ ሦስት ብቻ ነው። አደራ የሚባል አራተኛ ክምር የለም። "የሰው አደራ ይዤ አልሞትም" አልኩት። ልየው፣ "እንግዲያው ለብቻው ስጭው" አለኝ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ከትግስት ጋር በሚኒባስ ሄድን። ሱፉን ተኩሼ፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። አምበርን አለፍን፤ ደብረ ወርቅ ስንደርስ ተሳፋሪ ሲወርድና ሲወጣ በመስኮቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተሳለምኩና መሪጌታን አሰብኩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ትግስት እጄን ያዘች። ጉንደ ወይን ወርደን ወፍጮ ቤቱን ብንጠይቅ ሕፃን አዋቂው ጠቆመን።

ከወፍጮው በር ላይ አንድ ከጫማው እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ ጆንያ ይቋጥራል። ቀና ብሎ አየኝ። ቆይቶ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"እትዬ ማሬ! በሕይወት አለሽ?"

"አንተን ሳላይ ወዴት እሄዳለሁ!" አልኩት። ስንሳሳም እኔም ዱቄት በዱቄት ሆንኩ።

ቤቱ ከወፍጮው ጀርባ ነው። ሚስቱ እንዬ፣ ቀይ፣ ደልደል ያለች፣ ንግግሯ እንደ ወፍጮው የማያቋርጥ ሴት ናት። ገና ሳንቀመጥ፣ "እርስዎ ነዎት እትዬ ማሬ? ስምዎትን ስሰማ ነው የኖርኩ!" ብላ ጥቅሉን ከእጄ ተቀበለችኝ። እንግዳ ዳቦ ይዞ ነውና የሚመጣ፣ ዳቦ መስሏት ነው። "አይ፣ እሱን እንኳ..." ብዬ እጄን ብዘረጋ ጊዜ የለም፤ ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ ገለጠችው።

ሱፉ ተዘረጋ። ቢተው ሊቀመጥ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ትግስት አየችኝ፣ እኔ ወለሉን አየሁ።

"የማን ነው ይኸ?" አለች እንዬ።

የልየው ቃል በጆሮዬ መጣብኝ። ቢተው ግን አልተንተባተበም። ቀስ ብሎ ተቀመጠና፣ "የእኔ ነው። ያኔ የነገርኩሽ ነው፤ ዝምድናው ተቆጥሮ የቀረው ሠርግ" አለ። ነግሯት ኖሯል።

እንዬ ኮሌታውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እትዬ፣ ይኸ ሰው እኔን ሲያገባ የወንድሜን ጃኬት ተውሶ ነው ያገባኝ፤ ያውቃሉ? የሰው አገር ሙሽራ ሁሉ በእሱ ሱፍ ያገባል እየተባለ፣ እሱ ተውሶ! ለምን አላመጣኸውም ብለው መልስ አልሰጠኝም። እስከ ዛሬም አልሰጠኝ።"

ቢተው ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ ጠረገ። "በሌላ ሴት ስም የተሰፋ ልብስ ለብሼ አንች ፊት መቅረብ አልፈለግሁም" አለ። "ነውር መሰለኝ።"

ወፍጮው ከውጭ ይሰማል። እንዬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰድ አድርጋ መለሰችና ወደ እኔ ዞረች።

"እትዬ፣ በዚህ ሱፍ ስንት ሰው አግብቷል?"

"ኧረ ቆጥሬው አላውቅም፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ነው።"

"ሰማህ? ስንቱ ገብቶበት ስንቱ ወጥቶበት፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ፣ የሷ ስም እስከ አሁን ይቀርበታል? በል ግባና ልበሰው!"

"አንች ሴትዮ፣ በዚህ እድሜዬ?"

"በዚያኛው እድሜህ ከለከልከኝ፤ በዚህኛው እንኳ ልይህ እንጂ!"

ታጥቦ፣ ለብሶ ከጓዳ ሲወጣ ሰውነቱ ስለከሳ ኮቱ ሰፍቶታል፤ ሱሪውን በቀበቶ ሰብስቦታል። የሚያይበት ትልቅ መስተዋት በቤቱ የለም፤ እንዬ ፊት ነው ሄዶ የቆመው። እሷ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ኮሌታውን አቃናችለት። የማያቋርጠው አንደበቷ ያኔ ነው የታሰረው። ትግስት ስልኳን አውጥታ ፎቶ ልታነሣቸው ስትል፣ ቆይ ብላ ገብታ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

በልተን ጠጥተን የመመለሻችን ሰዓት ሲደርስ ልብሱን ያወልቃል ብዬ ነበር። አላወለቀም። "ልሸኛችሁ" ብሎ ተነሣ። እንዬም ነጠላዋን አጣፋች፤ "እንዲህ ለብሰህማ ብቻህን አትወጣም።" በጉንደ ወይን ዋና መንገድ አራታችን ወደ መናኸሪያው ወረድን፤ እኔና ትግስት ከኋላ፣ እነሱ ከፊት ጎን ለጎን፣ ሰፊው የሱሪ እግር አቧራውን እየጠረገ። ዕድሜ ልኩን በዱቄት ያዩት ሰዎች ከየሱቁ ብቅ ብቅ አሉ። አንዱ ባለሱቅ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ጮኸ።

"ጋሽ ቢተው! ምነው ሳትነግሩን? ማንን ልትድሩ ነው?"

ቢተው አፍሮ አንገቱን ደፋ። እንዬ ግን ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገባችና፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ መለሰችለት።

"እኛኑ!"